እኔና ጋኑ ስናጉረመርም

እኔ 35 ዓመት በሒሳብ ሹምነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን «ስንት ወጣ?» ብዬው «እንደ ሁኔታው» ብሎ መልሶልኝ ከቢሮዬ በደህና የወጣ ሠራተኛ አላስታውስም። አሁን ጡረታ ወጥቼ፣ ጥርሴም ፀጉሬም መልቀቂያቸውን ካስገቡ በኋላ፣ ለአንድ ጋን ጠላ ጌሾ ስንት ይበቃል ብዬ ብጠይቅ ዓለም ተሰብስቦ በአንድ ድምፅ «እንደ ሁኔታው» ይለኛል። የእጄን አገኘሁ።

የነገሩ መነሻ ይሄ ነው። ባለቤቴ ልጃችንን ልታርስ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ከተማ ሄዳለች። ሻንጣዋን በበሶ፣ በሽሮና በአጃ ዱቄት ሞልታ፣ እኔን ከባዶ ጋን ጋር ትታኝ ሄደች። ሄደች ብዬ አልከሳትም፤ የልጅ ልጅ መጥቷል። ችግሩ የኅዳር ሚካኤል ጽዋ ተራው የእኛ መሆኑ ነው። ማኅበራችን 24 አባላት አሉት። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ ደግሞ ከዓመታት በፊት ለጽዋ ለስላሳ ያቀረበን አንድ አባል እስከ ዛሬ ስሙን አይጠሩም፤ «ያ የብርቱካኑ ሰውዬ» ነው የሚሉት። ጽዋ በጠላ ነው፤ ጠላውም የቤት ነው። ሌላ አንቀጽ የለውም።

«ታዲያ ባለቤትህን አትጠይቅም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አየር ማረፊያ ላይ የተናገርኩትን ባትሰሙ ነው። «የጽዋውን ጠላ ምን ይሻላል?» ብላ ስትጨነቅ፣ ደረቴን ነፍቼ «አንቺ ሂጂ! ጠላ ደግሞ ምን ሥራ አለው? ውሃና ጌሾ!» አልኳት። ይህችን ዓረፍተ ነገር በ41 ዓመት ትዳራችን ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት እኔ መዝገብ አልያዝኩም፤ እሷ ግን ይዛለች። ያንን አፍ ይዤ «ብቅሉ መቼ ነው የሚገባው?» ብዬ ልደውልላት? ሞቼ ነው ቆሜ!

ከእኛ ጋር የሚኖረው የ19 ዓመቱ የልጅ ልጄ ጭንቀቴን አይቶ ሳቀብኝ። «አባባ፣ ይሄ ምን ያስጨንቅዎታል? ሁሉም ነገር እኮ ስልክ ላይ አለ!» አለኝ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ በማስረጃነት እጠራታለሁ።

ስልኩ ላይ «ጠላ» ብሎ ጻፈ። ስልኩም ያለ አንዳች ማመንታት ባሏ የጠላት ሴት ምን ማድረግ እንዳለባት፣ ሰው ያለ ምክንያት ለምን እንደሚጠላን፣ አማት ምራቷን መጥላቷ የሚታወቅባቸውን ሰባት ምልክቶች ዘረገፈልን። እውነቱን ነው፤ በፊደላችን ቢጠሉትም ቢጠጡትም ያው «ጠላ» ነው። «እሺ፣ ብቅል በለው» አልኩት። ስልኩ «በቀል ማለትዎ ነው?» ብሎ አረመኝ። «ጥንስስ» ስንለው ጥንስ ብሎ ሰምቶ ነፍሰ ጡር ልትበላ የማይገባትን ይዘረዝር ጀመር። በመጨረሻ «ጋን» ብንለው ጋኔን ሲወጣ የሚያሳይ ቪዲዮ አመጣ፤ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎት ኖሮ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። ጥላቻ፣ በቀል፣ ጥንስ፣ ጋኔን! ይህ የመጠጥ አሠራር ነው ወይስ እሁድ ማታ የሚተላለፍ ተከታታይ ድራማ?

ከብዙ ድካም በኋላ ጠላ ሲጠመቅ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ተገኙ። ተመስገን ብዬ መነጽሬን አጠለቅሁ፤ መዝገቤን ዘርግቼ አምድ አሰመርኩ፦ ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ መጠን፣ ምርመራ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ለስድስት ደቂቃ ሰላምታ አቀረበች። በዓረብ አገር ያላችሁ አለች፤ በአውሮፓ ያላችሁ፣ በእስራኤል ያላችሁ፣ በአሜሪካ ያላችሁ እያለች ዓለምን በየአህጉሩ ጠራች። እኔ እዚሁ ሾላ ገበያ አጠገብ ያለሁት አልተጠራሁም። ቀጥላ ስለ አዲሱ መጋረጃዋ አወራች። ጋኑ በ11ኛው ደቂቃ ብቅ አለ። «ጌሾ ትንሽ ጨመር ታደርጋላችሁ» አለችና ሁለት እጇን ሙሉ ዘግና ጣለችበት። ያ ትንሽ ከሆነ ብዙው የሚጫነው በአህያ ነው።

ሁለተኛዋ «አንድ ጣሳ» አለች። የምን ጣሳ? የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለ፤ የወተት ዱቄት ጣሳ አለ፤ የዘይት ጣሳ አለ። የመንግሥት ግዥ ቢሆን በዚህ አነጋገር ጨረታ ይሰረዛል። ሦስተኛዋ፣ ይህቺ ነች አንጀቴን ያሳረረችው፣ ካሜራውን ጠጋ ብላ «መጠኑን ዓይናችሁ ይነግራችኋል» አለች። ዓይኔ? ሞራ የጋረደው ዓይኔ? የእኔ ዓይን የታክሲ ቁጥር እንኳ ከነገረኝ ዓመታት አልፈዋል።

ማታ መዝገቤን ሳየው «መጠን» በሚለው አምድ ሥር የሰፈረው ይህ ነበር፦ ትንሽ፤ ጨመር፤ በርከት፤ እስኪበቃው፤ እንደየቤቱ። በሥራ ዘመኔ ይህን ለኦዲተር አቅርቤ ቢሆን ኖሮ ጡረታዬን የምበላው ማረሚያ ቤት ነበር።

የልጅ ልጄ አዘነልኝ። «አባባ፣ እንግዲያው የፈረንጆቹን እንይ። እነሱ ቢራ በየቤታቸው ይጠምቃሉ፤ ቁጥርም ይወዳሉ» አለ። ነፍሴ መለስ አለች።

እውነትም ቁጥር! ነገራቸው ከሕግ ይጀምራል። አሜሪካ በ1920 እ.ኤ.አ. መጠጥ ከለከለች፤ በ1933 መልሳ ፈቀደች። በቤት ወይን መጥመቅም አብሮ ተፈቀደ፤ በቤት ቢራ መጥመቅ ግን ተዘለለ። ሰዉ 45 ዓመት ተደብቆ ሲጠምቅ ኖሮ ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን በጥቅምት 1978 እ.ኤ.አ. ፈረሙለት። አንድ አዋቂ ብቻውን ለሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን፤ ይህ በእኛ 757 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። መጠን ያለው ሕግ! ልቤ ቀለጠ። ግን ደግሞ አሰብኩት፤ የእኛ እናቶች ጋን ሲያጥኑ የማንን ፊርማ ጠብቀው ያውቃሉ? ምናልባት ፈረንጅ ሁሉን ነገር የጻፈው ተከልክሎ ስለነበር ይሆናል። ከእናቱ ያልወረሰውን ከወረቀት ይማር ዘንድ ግድ ሆነበት። እኛ ጓዳችን ሲሠራ ያደግነውን ማን ይጻፈው?

ከሕጉ በኋላ መጽሐፉ ጎረፈ። ቻርሊ ፓፓዚያን የሚባል ሰው የኑክሌር ምህንድስና ተምሮ ሲያበቃ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን ለሰው ማስተማር ያዘ፤ በ1978 የጠማቂዎች ማኅበር አቋቋመ፤ በ1984 መጽሐፉን አወጣ። ያን ሁሉ ትምህርት ተምሮ ወደ ድፍድፍ መመለሱን ሳይ፣ ልጄ ምህንድስና ትማር ብዬ የከፈልኩት ትዝ አለኝ። ጆን ፓልመር የሚባል ሌላው ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. «ሃው ቱ ብሩ» የተባለ ሙሉ መጽሐፍ ማንም እንዲያነበው በነጻ ኢንተርኔት ላይ ዘረጋው። በነጻ! ሰላምታ የለው፤ መጋረጃ የለው፤ ቀጥታ ወደ ገብሱ።

እውነት ለመናገር እዚህ ላይ ማጉረምረሜን ለአንድ ምሽት ያህል አቋርጬ ነበር። የልጅ ልጄ እየተረጎመ ሲያነብልኝ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ። ገብስ ተዘፍዝፎ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም ያበጃል፤ ብቅል ማለት እሱ ነው። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ የሚያፈላው እሱ ነው። ፈረንጅ ሆፕስ የሚለው አበባ መራራ ያደርጋል፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ጌሾአቸው ነው ማለት ነው። ባለቤቴ ቂጣ ጋግራ፣ ቆራርሳ ጋን ውስጥ ስትጨምር «ይህ ሁሉ እንጀራ የሚያጣ ሰው እያለ!» እያልኩ ስነጫነጭባት የኖርኩትም ነገር ምክንያት አለው ለካ። ስታርች በእሳት ካልበሰለ የብቅሉ ኢንዛይም በቀላሉ አይሰብረውም። እነሱ ብቅሉን በተለካ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው የሚጨርሱትን፣ የእኛ ጋን ሳይቸኩል በቀናት ይሠራዋል። 41 ዓመት ሙሉ ኬሚስት ቤቴ አስቀምጬ ዱቄት አባካኝ እያልኩ ስከሳት ኖሬያለሁ። ይህንን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተም የነገርኳችሁ አምኛችሁ ነው።

ስለዚህ በፈረንጅኛው ልጠምቅ ወሰንኩ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ነው።

መመሪያው «ውሃውን 152 ዲግሪ አድርስ» ይላል። ቴርሞሜትር ገዛሁ። ድስት ጣድኩ። ውሃው ሞቀ፤ ፈላ፤ ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ደርሶ ገገመ። ከሰል ጨመርኩ፤ 92። አራገብኩ፤ 92። ድስቱ ግማሽ እስኪሆን አፈላሁት፤ ያው 92። የሸጠልኝን ነጋዴ ዘር ማንዘሩን እያነሣሁ ስራገም የልጅ ልጄ መጣ። «አባባ፣ 152 እኮ በፋራናይት ነው፤ በእኛ 67 ገደማ ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ መቶ ሳይደርስ በ92 አካባቢ ይፈላል» አለኝ። ሁለት ዜና በአንድ ቀን! ለካ እኔ 70 ዓመት የኖርኩበት ከተማ ውሃ እንኳ ሙሉ ክፍያ አይከፍልም፤ ስምንት ዲግሪ ተቀናሽ አለበት። ይህንን ከዚህ ቀደም የነገረኝ የለም። ማን ይንገረኝ? ባለቤቴ ውሃ በዲግሪ ጠርታ አታውቅም፤ ጣቷን ትነክራለች።

ብቅሉን በ67 ዘፈዘፍኩት። በሆፕስ ፈንታ ጌሾ አፈላሁበት። ሲበርድ የዳቦ እርሾ በተንኩበት። «ጠማቂ ንጹሕ ይሁን፣ አየር አይግባ» የሚለውን ትእዛዝ በልቤ ይዤ፣ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ገልብጬ ክዳኑን በጉልበቴ አጠበቅሁት፤ በላዩም የጎማ ከመነዳሪ አሰርኩበት። መመሪያው አየር አይግባ ከማለቱ ሥር «ጋዙ ግን መውጫ ይኑረው» የሚል መስመር እንዳለው ያወቅሁት በኋላ ነው። የልጅ ልጄ ያቺን መስመር ሲተረጉም ስልክ ተደውሎለት ዘሏታል።

ጥቅምት 26 ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጓዳው ውስጥ መድፍ ተተኮሰ። ለአድዋ የደረስኩ መሰለኝ። ገብቼ ሳይ ክዳኑ የለም፤ ጀሪካኑ እንደ ሰከረ ሰው በጎኑ ተኝቷል፤ ኮርኒሱ ጌሾ ጌሾ ይላል። ከላይ ጠብ ጠብ የሚለውን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ አይ፣ መጥፎ አልነበረም። ግን 24 ሰው ኮርኒስ እንዲልስ በጽዋ ስም አይጠራም።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ አንድ በር ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት፣ አጥሯ ላይ እንጨት ሰክታ ጣሳ የደፋችበት ጎረቤት አለችን። ያ የተደፋ ጣሳ «እዚህ ጠላ አለ» ማለት ነው፤ ስልክ ሳይኖር የነበረ ማስታወቂያ ነው። 27 ዓመት በመስኮቴ ሳየው ኖሬያለሁ። ያልሄድኩት ለምን መሰላችሁ? የባለቤቴ ባልንጀራ ናት። ምሽቱን ሳልጨርስ ወሬው ሜሪላንድ ይገባል ብዬ ነው።

ሄድኩ። «እትዬ፣ በሚካኤል ይዤሻለሁ፤ ለእሷ እንዳትነግሪብኝ» አልኳት። «ኧረ ጋሼ፣ ምን በወጣኝ!» አለች፤ በነጠላዋ አፏን ሸፍና። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

እትዬ ጓዳችን ገብታ ኮርኒሱን አየች፤ ምንም አላለችም። ያ ዝምታዋ ከስድብ ይከብዳል። ጀሪካኑን በእግሯ ወደ ደጅ ገፋችው። «ጋኑ የት አለ?» አለች። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሸ፤ ታጠበ፤ ወይራ ተሰንጥቆ፣ ተጫጭሶ አፉ ላይ ተደፋበት። የፈረንጅ መመሪያ ግማሹ ስለ ንጽሕና ነው፤ የዕቃ ማጽጃ ኬሚካል በየዓይነቱ ይዘረዝራል። የእኛ ግራዋና ወይራ ያንን ሥራ ይሠራሉ፤ ትርፉ ደግሞ ሽታው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ወይራ ወይራ አለ። ባለቤቴ ከተመለሰች መሰለኝና ደንግጬ ኮርኒሱን በካርቶን ሸፈንኩት።

አሁን ጊዜዬ ደረሰ ብዬ፣ የልጅ ልጄ ያመጣልኝን በግራም የምትለካ ትንሽ ሚዛን አወጣሁ። «እትዬ፣ ዛሬ የጠላን መጠን ለትውልድ እናስቀምጣለን። የምትዘግኚውን ሁሉ እዚህ ላይ አድርጊው» አልኳት። የተወቀጠ ጌሾ ዘገነች፤ 38 ግራም። ጻፍኩ። ከሁለተኛው ከረጢት ዘገነች፤ 52። ከመጀመሪያው ደገመች፤ 45።

«እትዬ! ይሄ እኮ አንድ እጅ ነው!» አልኳት፤ እስክሪብቶዬን ጥዬ።

«እጁስ አንድ ነው ጋሼ» አለች። «ይሄኛው ጌሾ ከረምረም ያለ ነው፤ ያኛው ትኩስ ነው፤ ይሄ ደግሞ እንጨት በዝቶበታል። ጌሾው አንድ ሳይሆን እፍኜ ለምን አንድ ይሆናል?»

መልስ አጣሁ። ማታ ስልኩን ሳስነብብ ነገሩ ገባኝ። የፈረንጁ ሆፕስ መራራነቱ በመቶኛ ተለክቶ፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይሸጣል፤ ስለዚህ ሚዛን ይበቃዋል። የሾላ ገበያው ጌሾ ላይ ምንም አልተጻፈም። የሚያነበው ምላስና መዳፍ ነው። እነዚያ «ዓይናችሁ ይነግራችኋል» ያሉኝ ሴቶች አልዋሹኝም ለካ፤ ጥፋታቸው ዓይናቸውን ሊያውሱኝ አለመቻላቸው ነው። ደግሞ በደንብ የሚያውቁት እጃቸው ሊጥ ስለሆነ ስልክ አይነኩም፤ ስልክ የሚይዙት ደግሞ እጃቸው ሊጥ አይነካም። የጋን ውስጥ መብራት ሲባል የምሰማው እንዲህ ያለውን ነው መሰለኝ።

የልጅ ልጄ ሊያጽናናኝ አንድ ሌላ ነገር አነበበልኝ። ከ3,800 ዓመት በፊት ገደማ የሱመር ሰዎች ኒንካሲ ለተባለች የቢራ አምላካቸው የዘመሩት መዝሙር በሸክላ ጽላት ላይ ተገኝቷል። መዝሙሩ ሲተረጎም ውስጡ የቢራ አጠማመቅ ሆኖ አረፈው፤ ብቅሉ ሲዘፈዘፍ፣ ለቢራ የሚሆነው ዳቦ ሲጋገር፣ መጠጡ ከማሰሮው ሲቀዳ። «እንደ እኛ ቂጣ እኮ ነው!» አልኩ። «መጠኑስ? መጠኑን ይናገራል?» ልጁ ወደ ታች እየገፋ ፈለገ፤ ፈለገ። «የለም አባባ።» ሸክላ ላይ ለመጻፍ የተቸገሩት እነዚያ ሰዎች እንኳ ስንት እፍኝ እንደሆነ አልነገሩኝም። ሴራው ጥንታዊ ነው።

ሥራው ቀጠለ። የጌሾው ጥንስስ ቀን ቆጥሮ ሲነሣ ብቅሉ ገባ፤ ቂጣው ተቆራርሶ ተከተለ። የጌሾው እንጨት፣ ከዚያም ጥቁር እስኪል የታመሰው እንኩሮ ተጨመረ፤ ድፍድፉም በየሌሊቱ እንደ ተራበ ሕፃን እያለቃቀሰ አደገ። በየማለዳው እትዬ ብቅ ትልና «ዛሬ አትንኩት»፣ ወይም «ዛሬ አማስሉት» ብላ ትመለሳለች። ከየት እንዳመጣችው ሳልጠይቅ እንደ መመሪያ ደብዳቤ ተቀብዬ እፈጽማለሁ። ኅዳር 5 ውሃ ሞላንበትና አፉን በጭቃ መረግነው። የእኔ ጀሪካን የጎደለውን እዚህ ላይ አየሁ፤ ሸክላና ጭቃ ይተነፍሳሉ፤ የፕላስቲክ ክዳንና ከመነዳሪ ግን ቂም ይይዛሉ።

ኅዳር 10 እትዬ ለቅሶ ደርሷት ወደ አገር ቤት ሄደች። እኔ ከተመረገ ጋን ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ደርሷል? አልደረሰም? ቀድሜ ብከፍተው ጉሹ የሰው ሆድ ያውካል፤ ብዘገይ ይኮመጥጣል። ስልኩን ብጠይቀው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን አለኝ። በአምስትና በሰባት መካከል ሁለት ቀን አለ፤ በሁለቱ ቀን መካከል ደግሞ የእኔ ክብር አለ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ባለቤቴ ናት፤ በምስል። እዚያ ገና እኩለ ቀን አልፎ አንድ ሰዓት ነው፤ ሕፃኑን አቅፋለች።

«ጋኑን አሳየኝ» አለች። እንደምን ዋልክ የለ።

«የቱን ጋን?»

«አንተ ሰውዬ!»

ያን ጊዜ ሁሉም ተገለጠ። እትዬ የደወለችላት እኔ ከበሯ ዞር ሳልል ነው። በየማለዳው «አትንኩት»፣ «አማስሉት» እየተባለ የሚመጣው መመሪያ የሚወጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። «የእኛ ጋን እኮ ጌሾ አያበዛም፤ ለዚያ ነው እፍኝሽን ቀነስ አድርጊ ያልኳት» አለችኝ። «ኮርኒሱንም ሰምቻለሁ። ካርቶኑን አንሣው፤ ይሻግታል።»

የልጅ ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ይስቃል። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ ብሎኝ አልነበር? አለ። ለሦስት ሳምንት «ጠላ» እያልን የፈለግነው ነገር በስሟ ተመዝግቦ፣ ከስልኩ መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ማስረጃው ለእሱ ፈረደለት፤ ይግባኝ የለኝም።

«ስልኩን ጋኑ ጎን ላይ አስጠጋው» አለች። አስጠጋሁት። «አሁን ዝም በል።»

ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ሰጥታኛለች፤ የፈጸምኩት ግን ያን ቀን ነው። ጓዳው ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ ጋኑ ከሆዱ ሲንሾካሾክ፣ ቅር እንዳለው ሽማግሌ ሲነጫነጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። 41 ዓመት እዚያ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ስናገር ኖሬ አንድ ቀን ጆሮዬን አስጠግቼው አላውቅም። ባሕር ማዶ ያለችው ሴት ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። ሕፃኑም ዝም ብሏል።

«ገና ነው» አለች በመጨረሻ። «ያጉረመርማል። ነገ ማታ አዳምጠው፤ ዝም ካለ ደርሷል።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «እሱስ ዝም ይላል» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ኅዳር 11 ማታ ዝም አለ። በማግስቱ፣ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ላለቁት መታሰቢያ ከተማው በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠለ ሲታጠን፣ እኔ በጢስ መሐል ጋን ከፈትኩ። ንስሐ አባታችን ባረኩት። ሙሴያችን ጽዋውን አነሡ፤ ቀመሱ፤ ጢማቸውን ጠራረጉ። «የወይዘሮ እጅ አይጠፋም» አሉ። «መጡ እንዴ?»

አፌን ከፍቼ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ 152ቱ፣ ስለ ከሰሉ፣ በሌሊት ስለመነሣቴ ልናገር ነበር። ከዚያ ጋኑን አየሁትና ዝም አልኩ። «በስልክ መጥታ ነው» አልኩ።

ሰው ከሄደ በኋላ መዝገቤን አወጣሁ። «ጌሾ» በሚለው ፊት፣ «መጠን» በሚለው ሥር «እንደ ሁኔታው» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት። ኦዲተር ከመጣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደውል።